ግራይንደር የነካው ቴስታታ

ጥፍሮን በቅጡ አውቀዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ጋራዡ በራፍ ላይ ሰላምታ ከመለዋወጥ አልፈን ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም። ስለ እሱ የማውቀውን የነገረችኝ ታናሽ እህቱ ናት፤ እሷም ይህን ስታወራ እስከ ዛሬ ደሟ ይፈላል።

ጋራዡ የባሏ ነው። እሷ በመስኮት በኩል መለዋወጫ ትሸጣለች፣ ወንድሟ ሞተር ይፈታል። ጥፍሮ ያሰኘው የአሮጌ ጋስኬት አነሳሱ ነው። ቴስታታው፣ ያው የሞተሩ ክዳን፣ ለስላሳ አልሙኒየም ስለሆነ ብረት አያስነካውም። በላዩ የተጣበቀውን ጋስኬት፣ ውሃና ዘይት እንዳይቀላቀል የሚያሽገውን ስስ ንጣፍ፣ ማሟሟቻ የጠጣ ጨርቅ ያለብሰውና ይተወዋል። ሲለሰልስ በተሳለ እንጨት ከጠርዙ ጀምሮ ይልጠዋል። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ የአውራ ጣቱን ጥፍር በላዩ ያስኬዳል። ጥፍሩን የያዘው ነገር ካለ እንደገና ጨርቅ!

«አማቼ እኮ ሞተር አይሠራም፣ ሕፃን ነው የሚያጥበው» ይላል ባልየው፣ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር።

አንድ ቀን የአንድ ሚኒባስ ቴስታታ ጨርቅ ለብሶ ሳለ ጥፍሮ አዲስ ጋስኬት ፍለጋ ወጣ። ባልየው መጠበቁ ሰለቸውና ጨርቁን ገፎ የብረት መሞረጃውን ግራይንደር አስነሳ።

«ኧረ ተው፣ እሱ ይምጣ!» ብላ በመስኮቱ ጮኸች። ማን ይስማት! ወዲያው ቴስታታው እንደ መስታወት አበራ።

ጥፍሮ ተመልሶ ጥፍሩን አስኬደበትና ፊቱ ጠቆረ።

«ተቦርቡሯል፤ እንዲህ ሆኖ ጋስኬት አያሽገውም። ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላግ።»

«እንዲህ እያበራ? ጢምህን እያየህ ተላጭበት እንጂ!»

«እንግዲያው እኔ አልገጥመውም» አለና ወደ ሌላ መኪና ሄደ። ባልየው ራሱ ገጠመው።

ሳምንት ሳይሞላ ሚኒባሱ ተጎትቶ መጣ። ውሃና ዘይቱ ተቀላቅሎ አረፋ ሆኗል። ሾፌሩ እየጮኸ ገባ። ባልየው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ወደ ጥፍሮ ጠቆመ።

«ጋስኬት የሚያነሳው እሱ ነው። እሱን ጠይቀው።»

«ለካ ስም ብቻ ነህ!» አለ ሾፌሩ። «አንተን ብዬ እኮ ነው እዚህ የመጣሁት! ሁለተኛ መኪናዬን አትነካትም። ለሾፌር ሁሉ ነው የምናገረው!»

ያ ሁሉ ዓመት የለፋበት ስም በአንድ ውሸት ሲሄድ፣ ጥፍሮ መፍቻውን እየጠረገ ዝም! እሷ ግን አልቻለችም። መስኮቱን ትታ ወጣች።

«ግራይንደር የያዘው ባሌ ነው! የገጠመውም እሱ ነው! በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ!»



«የገዛ ቤትሽን?» አላት ባልየው።

«ቤቴ በወንድሜ ስም መበላሸት ከሆነ የሚቆመው፣ ይቅርብኝ!»

ባልየው ሾፌሩን እያባበለ ወደ ውጭ ይዞት ወጣ። ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ንዴቷ ወደ ወንድሟ ዞረ።

«ጋሼ፣ አፍ የለህም? ለእኔ ትዳር ብለህ ነው ዝም ያልከው? ንገረኝ፣ ለእኔ ብለህ ነው?»

«እሱን አትጠይቂኝ» አለና የሚኒባሱን ቴስታታ ሊፈታ ጎንበስ አለ።