ጀርባውን ሰጥቶ ያስተማረው ቁልፍ ሠሪ

ተሳካ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ተናገረ፤ ያውም ውሃ እንኳን ሳይጎነጭ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ አሥራ ስድስት ተማሪዎች አሉት። ከደስታ ብዛት የማንን የምሥራች እንደማወራ ሳልናገር ጀመርኩት እንጂ ሰውየውስ የሰፈራችን ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠው።

ቁልፍ ሠሪው አንድ ለአንድ ሲሆን ጨዋታ አዋቂ ነው። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ሰው ሥራው ካለቀ በኋላም ወሬው ጥሞት ቆሞ ይቀራል። ጉዱ የሚፈላው ከአራት ሰው በላይ ፊቱ ሲደረደር ነው። ልጁን የዳረ ዕለት እንግዶቹን እንዲያመሰግን ቢለምኑት ብድግ አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከረባቱን አስተካከለ፤ ተመልሶ ቁጭ አለ። የወንድሙ ሚስት እዚያው "ጋሽ ብድግ" አለችው፤ ስሙ በዚያው ጸናበት።

ዝምታው ኑሮውን ጎድቶት አያውቅም ነበር፤ እጁ ነበረለታ። ዘንድሮ ግን ጣቶቹ ከዱት። ቁልፍ ውስጥ ያሉት ፒኖች፣ እነዚያ ደቃቃ ብረቶች፣ ከሩዝ ፍሬ አይበልጡም፤ እሱን ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀመረው። ሚስቱ ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ተንበርክኮ የወደቀበትን ፒን ፍለጋ የሱቁን ወለል ሲዳብስ አገኘችው። ሁለቱንም ጊዜ እንዳላየች ሆና ተመልሳ ወጣች። ሥራውን መልቀቁ እንደማይቀር ሁለቱም ገብቷቸዋል፤ ደፍሮ የሚያነሳው ግን ጠፋ።

በዚህ መሃል ነው ማዕከሉ አስተማሪ እንደሚፈልግ የሰማው። ማዕከሉ ድሮ ማተሚያ ቤት የነበረው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው፤ ለትርፍ አይሠራም፤ ሰፈርተኛው እርስ በርሱ የሚማማርበት ቦታ ነው። ጎልማሶች ማንበብ ይማሩበታል፣ ስፌትና ኮምፒውተር ይሰጥበታል፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ፎቁ ላይ ባለው አዳራሽ ለማንም ክፍት የሆነ ንግግር ይደረግበታል። የቅዳሜው የእጅ ሙያ ክፍል ባዶ ነበር። እጁ ቢደክም ጭንቅላቱ አልደከመም፤ ማስተማር ይችላል። ችግሩ የማዕከሉ ደንብ ነው። ሐኪምም ሁን ጫማ ሰፊ፣ አንድ ሐሙስ በሰው ፊት ቆመህ ሙያህን ሳትናገር ክፍል አይሰጥህም።

"ሐሙሱን መዝለል አይቻልም?" አላት አስተባባሪዋን።

"አይቻልም ጋሼ። ሰው አስተማሪውን ሳያይ አይመዘገብም።"

"በጽሑፍ ባቀርብስ?"

"እሱን ለጋዜጣ ያድርጉልኝ።"

አሥራ አንድ ገጽ ጻፈ። በየቀኑ ወጥ ቤት ቆሞ ለሚስቱ ያነባል፤ እሷ አተሯን ትፈለፍላለች።

"ለኔ ሲሆን እንደ ሬዲዮ ትለቀዋለህ እኮ" አለችው።

"አንቺ አንድ ሰው ነሽ።"

"እነሱስ? አንድ አንድ ሰው አይደሉም?"

"አንድ አንዱ ሰው ሃምሳ ሆኖ ሲቀመጥ ሌላ ነገር ነው፤ ተይኝ በናትሽ።"

የተባለው ሐሙስ ዛሬ ደረሰ። ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ አዳራሹ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔ ወረቀቱን ይከልስ ነበር። እሱ ግን ሲገባ የበሩ እጀታ እጁ ላይ እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀበት። ቁልፉ በበሩ ገጽ ላይ የተለጠፈ የድሮ የብረት ሳጥን ነው፤ እንዲህ ያለውን አይቶ ማለፍ አልለመደበትም። ከደረት ኪሱ ትንሿን ካቻቢቴ አወጣና ሁለቱን እጀታዎች ፈታ፤ የሚያገናኛቸውንም ብረት ስቦ አወጣ። ሳጥኑን ሊከፍት ሲል ሰው መግባት ጀመረ። አስተባባሪዋ "ጋሼ፣ ወንበርዎ ፊት ለፊት ነው" ብላ ክንዱን ያዘችው። እጀታዎቹንና ብረቱን ኪሱ ከተተ፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

ሁልጊዜ አርፍደው የሚመጡት ጡረተኛው የሂሳብ መምህር ዛሬም አርፍደው ገቡ። ብርድ አይወዱም፤ በሩን ከኋላቸው ድርግም አደረጉት።

አስተባባሪዋ አስተዋወቀችው። ተነሳ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ተተራመሱበት። ገጹን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠው፤ የመጀመሪያዋን ቃል ግን አላገኛትም። አንድ ሰው አሳለ። ሚስቱ ከኋላ ረድፍ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወለል ወለሉን ታያለች። መሃል ረድፍ የተቀመጥኩት እኔም ዐይኔን የማሳርፍበት አጥቼ ነበር። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ሰው ሲጨነቅ ማየት ያስጨንቃልና በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ሹልክ ልትል።

"የዚህ በር እጀታ የታለ?" አለች።

የሁሉም አንገት ወደ በሩ ዞረ።

"እኔ ጋ ነው" አለ ቁልፍ ሠሪው። "ኪሴ ውስጥ።"

"ሰው ጥሎህ እንዳይወጣ ነው እንዴ?" አሉ መምህሩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

እየሮጠ በሩ ጋ ደረሰ። ያንን ብረት ቀዳዳው ውስጥ ሰካና ሊያዞረው ሞከረ፤ ወይ ፍንክች። በሩ ድርግም ሲል ውስጥ ያለው ሞላ ከቦታው ወልቆ መወርወሪያውን ቀርቅሮታል ማለት ነው። መውጫ ሌላ በር የለም፤ መስኮቱ ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

"ተቆልፎብናል?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"አይዞሽ፣ ይከፈታል። ሞላ እኮ ነው የወለቀው" አላት። "ይኸውልሽ፣ እጀታውን ስትጫኚ ብረቱ ይዞራል፤ እሱ ደግሞ መወርወሪያውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስትለቂው ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላው ነው።"

"ከዚህ አይሰማም" አሉ መምህሩ።

ሳይዞር ድምፁን ከፍ አደረገ። ፊቱ በሩ ላይ ነው፤ ሃምሳው ሰው የሚያየው ጀርባውን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ደንበኞቹን እንዲህ አጎንብሶ ነው ያናገራቸው፤ ድምፁ መንገዱን ያውቀዋል። ሌባ ለምን የድሮውን ሳጥን እንደሚወደው ነገራቸው፤ ዘይት የት እንደሚደረግ፣ የት እንደማይደረግ ነገራቸው። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታ። ሁለተኛው ላይ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ካቻቢቴው አመለጠውና ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ሚስቱ ወንበሯን ለቃ ተነሳች።

ጣቶቹን ትንሽ አያቸው። ከዚያ ካቻቢቴውን አንስቶ ለልብስ ሰፊዋ ዘረጋላት።

"እህቴ፣ መርፌ የለመደ እጅሽን አውሺኝ።"

"እኔ ስለ ብረት ምን አውቄ?"

"የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ ያዥልኝ። ወደ ግራ። አትግፊው፣ እሺ በዪው። እንደሱ።"

እሱ እየተናገረ እሷ ፈታች። ክዳኑ ሲነሳ ከኋላ ያሉት ለማየት ተነሱ፤ ከዚያ ጠጋ ጠጋ አሉ። ሞላውን በሁለት ጣቷ ይዛ የት እንደምታስገባው በራሷ አገኘችው፤ እሱ "የቱ ጋ ይመስልሻል?" ብቻ ነበር ያላት። ብረቱን አዞረችው፤ ቀጭ። መወርወሪያው ገባ፤ በሩ ተከፈተ።

የወጣ ሰው የለም። ልብስ ሰፊዋም ካቻቢቴውን እንደያዘች ቀረች።

ቁልፍ ሠሪው ያኔ ነው የዞረው። ሃምሳ ፊት አፍንጫው ሥር ቆሟል። ደነገጠ፤ ግን ዐይኖቻቸው እሱ ላይ አልነበሩም። ሁሉም ያንን የተከፈተ ሳጥን ነው የሚያዩት። "ታዲያ ቁልፉ የጎረቤትን በር ለምንድነው የማይከፍተው?" ብሎ አንዱ ጠየቀ። እሱም መለሰ፤ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ሃምሳ ደቂቃው ሞላ።

አስተባባሪዋ የምዝገባውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሰው ተሻማበት። የመጀመሪያው ስም የልብስ ሰፊዋ ነው። መምህሩም ተመዘገቡ።

"በፈተና ክፉ ነህ?" አሉት።

"ፈተና እንኳን የለኝም ጋሼ። የሚያረፍድ ግን ከውጭ ይቀራል።"

"እንግዲህ ሰዓት ልግዛ" አሉ እየሳቁ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሚስቱ አጠገቡ ቆመች።

"ምነው?"

"ጉልበቴ። አሁን ነው የተንቀጠቀጠው።"

"አሁንማ እንደፈለገ ይንቀጥቀጥ" አለችና እሷም ጎኑ ተቀመጠች። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ዓመት ሙሉ ይዛው የቆየች የሚመስል ትንፋሽ። "ጣቶችህን እኮ አይቻቸው ነበር። ሱቁ ወለል ላይ።"

"እንዳየሽማ አውቄያለሁ" አላት። "የረገጥሻት ፒን ጫማሽ ሥር ገብታ ሄዳ ነበር እኮ፤ ቤት ነው ያገኘኋት።"

ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደተቀመጡ ትቻቸው ወረድኩ። ጓደኛዬ ዳቦ ጋጋሪው ዛሬ ተረኛ ስለነበር ይህን ሁሉ አላየም፤ እሱም ይመዘገብ ይሆናል፣ ከሃያው የቀረው ቦታ አራት ብቻ ነው። ምድጃውን አጥፍቶ ሳይሄድብኝ ልድረስበት።