መስታወት የሌለው ልብስ ሰፊ

መርሳ ከተማ ውስጥ መስታወት የሌለው ልብስ ሰፊ ኢዘዲን ብቻ ነበር። ደንበኛ አዲሱን ሱሪ ለብሶ "እንዴት ነው?" ሲለው "አምሮብሃል" ይለው ነበር። ያላመነው እኔ ጋ ይመጣ ነበር፤ ከጎኑ ባለው ሱቅ የቤት ዕቃ ስለምሸጥ መስታወት አላጣም።

ሌላም አመል አለው። በሩ ላይ ጥላ ባረፈ ቁጥር ስፌቱን አቋርጦ "ኖር!" ብሎ ብድግ ይላል። ለሽማግሌ ቢሆን ወግ ነው። እሱ ግን ለሕፃንም ይነሣል። አንድ የገበያ ቀን ለፍየል ሲነሣ አይቼ ስቄበታለሁ። ሳቄን የተውኩት ምክንያቱን የነገረኝ ቀን ነው።

ሸህ ሚስባህ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። የዛሬ ሁለት ዓመት ሕመም ጠንቶባቸው ለቀዶ ሕክምና ወልድያ ሊሄዱ ሲሉ፣ በዋዜማው ከዘራቸውን ይዘው ሱቆቹን ሁሉ ዞሩ። በእኛ አገር እንዲህ ላለ መንገድ የሚነሣ ሰው "አፉ በሉኝ" ብሎ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ "አፉ ብለናል" ሳይባል አይወጣም። እኔ ጋም መጡ። ተነሥቼ አፉ አልኳቸው፤ "እኔም ብያለሁ" ብለውኝ ወደ ኢዘዲን አለፉ።

ኢዘዲን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በስልኩ ኳስ ያያል። "አሰላሙ አለይኩም" አሉት። ሰማቸው። ቀና ሲል ያኔ ፊት ለፊቱ በተሰቀለው፣ ደንበኛ ራሱን በሚያይበት መስታወት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሸሁ ከተቀመጡ ጨዋታቸው ረጅም ነው፤ ኳሱም ሊያልቅ ነው። ለምን እንደመጡም አላወቀም። ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። እሳቸው ትንሽ ቆመው ሄዱ።

ከወልድያ በሕይወት አልተመለሱም።

ለቅሶው ላይ ልጃቸው ከድጃ ኢዘዲንን ጠጋ ብላ፣ "አባዬ መንገድ ላይ አንስተውህ ነበር። 'ኢዘዲን ሥራ ይዞት አልሰማኝም፤ እንዳትወቅሱት' ብለውናል" አለችው። ልታጽናናው ነበር። እሱ ግን ዓይናቸውን አይቷል። ሞት ደጁ የቆመ ሰው ነውሩን ሸፍኖለት ሄደ። እዚያው ሳምንት መስታወቱን ነቅሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከጨርቆቹ ኋላ አቆመው።

"ሸሁ አሁንም እዚያ ውስጥ ቆመዋል" ይለኝ ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን ያንን መስታወት ገልብጥ ብባል አልገለብጠውም ነበር።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ እኔ እሱ ሱቅ ተቀምጬ ሳለሁ ከድጃ መጣች። "ኖር!" ብሎ ተነሣ።

"ኢዘዲን፣ ጾሙ ሳይገባ አፉ በለኝ ብዬ ነው።"

"አፉ ብያለሁ" አለ። ከዚያ መቀሱን አስቀመጠ። "ከድጃ፣ ሰምቻቸው ነበር። በመስታወቱ ተያይተናል። ስለ እሳቸው አንቺ አፉ በይኝ።"

ነጠላዋን አስተካከለች።

"አውቃለሁ" አለች። "'አልሰማኝም' ሲሉ ድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። በእኔ በኩል አፉ ብያለሁ፣ ቂም የለኝም። የአባዬን ግን ከየት አምጥቼ ልስጥህ? እሳቸውም እኮ ያንተን 'አፉ ብያለሁ' ሳይሰሙ ነው የተቀበሩት።"

ስትሄድ ኢዘዲን ጨርቆቹን ገለል አድርጎ መስታወቱን አወጣ። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ከድሮው ቦታ፣ ከበሩ ትይዩ ሰቀለው። ፊት ለፊቱ ቆመ።

"ወአለይኩም ሰላም" አለ። "ሸህ፣ አፉ ብያለሁ። እርስዎም አፉ በሉኝ።"

መስታወቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ በሩና ፀሐዩ ብቻ ናቸው የሚታዩት። እሱ ግን "እኔም ብያለሁ" እስኪባል ቆሞ ጠበቀ። እኔም ሳላውቀው ተነሥቻለሁ። ሁለታችንም ቆመን ብዙ ጠበቅን። ማንም አልመለሰለትም።