የወንድሜ ወገብና አንድ ክር

ታናሽ ወንድሜ ከስደተኞች መኖሪያ ወጥቶ ጋሉስ ሰፈር ያለችው ቤቴ ሲገባ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ሱሪውን በቀበቶ አንቆ የያዘ። እኔ ደግሞ ሰው ከስቶ ማየት አልወድም። በሁለት ዓመት ሰው አስመሰልኩት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ ጉንጩን ቆንጠጥ እያደረጉ "ተመችቶሃል! አማረብህ!" ሲሉት ምስጋናውን የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ያኔ ጀርመኖች አውስቢልዱንግ የሚሉት ላይ ነበርኩ፤ አረጋውያንን መንከባከብ የምማርበት የሙያ ሥልጠና። አንድ ቀን አስተማሪያችን ጥቅል ክር ይዛ መጣች። በቁመታችሁ ልክ ቁረጡ፣ ለሁለት እጠፉት፣ ከዚያ ወገባችሁ ላይ አዙሩት አለች። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ ሆድ ውስጥ ስብ ሳይጠራቀም አይቀርም፤ ሚዛኑ ደህና ነህ ቢልም፣ ሰውየው ወጣት ቢሆንም፣ ግፊትና ስኳር መመርመር ይበጃል። ቤት ሄዳችሁ አንድ ሰው ለኩ ብላ አሰናበተችን።

ከእሱ ሌላ ማንን ልለካ? እጅና እግሩ እንደሆነ አሁንም ቀጭን ነው፣ ያውም ኤርፖርት ቀኑን ሙሉ ሻንጣ የሚጭን ልጅ። ወጥ ቤት አቁሜ ሸሚዙን አስገለጥኩት። በቁመቱ ልክ ቆርጬ ያጠፍኩት ክር ተገናኘ። "አየህ? የእጄ ሙያ!" ብዬ ፎከርኩ። ልብ ብዬ ሳይ ለካስ እንደ ሱሪ ሰፊ ከሆዱ በታች፣ ቀበቶው ላይ ነው ያዞርኩት። ወደ እምብርቱ ከፍ አደረግኩት። እሱ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሆዱን ሳበ።

"ተንፍስ!"

"ተነፈስኩ እኮ።"

"ተንፍስ አልኩህ፣ አንተ!"

ሲተነፍስ በክሩ ጫፎች መሀል አራት ጣቴ ገባ። እሱ "ክርሽ አጭር ነው" ብሎ ሳቀ። 

እኔ ግን ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ያዝኩለትና አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ ግፊቱን ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከፍ ያለ ነበር። ስኳሩም ጠርዝ ላይ ነው አለች። "ለጊዜው መድኃኒት አልሰጥህም። ምግብ ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንየው።" ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው እኮ! እንዴት እንደፈራሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

በእግርህ ሂድ ስለተባለ ትራም የለም አልኩና በአዲሱ ሰፈር በኦይሮፓፊርቴል፣ በግንባታ አጥር ሥር አድርገን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ለፈለፍኩ። "እኔ ቤት የምትበላው አንድ ሳህን ነው። ኤርፖርት ምንድን ነው የምትሰለቅጠው? ንገረኝ!"

"ምሳ" አለ።

"የምን ምሳ?"

"ካንቲን ነዋ። ከልጆቹ ጋር፣ በየቀኑ።"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሳይበላ የዋለ እየመሰለኝ፣ ከሥራ ሲገባ ሳህኑን ሞልቼ እጠብቀው ነበር። ሊያንገራግር ሲል "በሞቴ!" እለዋለሁ፤ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ደግሞ እጨምርለታለሁ።

"ታዲያ ጠግቤያለሁ አትለኝም?" አልኩት።

"መጀመሪያ ሰሞን ብዬሽ ነበር" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "ክፍልሽ ገብተሽ አለቀስሽ።"

እኔ ረስቼዋለሁ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጠግቤያለሁ ብሎኝ አያውቅም።