ባሌ ለስልኩ የነገረው

ባሌ ለሰው ምስጢር አያወጣም። የቡሬ እህል ነጋዴ ሁሉ እንዲያው ነው፤ የእሱ ግን ይብሳል። አይሱዙውን በቆሎ ጭኖ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ጎረቤት «ወዴት ነው?» ቢለው «ወዲህ ነው» ይላል። ለእኔም ቢሆን የት እንደነበረ የሚነግረኝ ከተመለሰ በኋላ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ እሑድ ከሰዓት መደብ ላይ ተቀምጦ ለስልክ ጉዱን ሁሉ የዘረገፈው።

መንገዱ ከከፋ ወዲህ ለመኪናውም ለራሱም ኢንሹራንስ ልግባ ይል ነበር። ከሹፌሮች ቴሌግራም ላይ የኢንሹራንሶችን ዋጋ ባንዴ ያወዳድራል የተባለ ሊንክ አገኘና ከፈተው። ስልኩ ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። ታርጋ። መኪናዋ የት ታድራለች? ወፍጮ ቤቱ ጓሮ። የመታወቂያ ፎቶ። ቢሞቱ ወራሽዎ ማን ነው? የልጃችንን ስም ጻፈ፤ ዕድሜዋን፣ የምትማርበትንም። እርስዎ ካልተገኙ ለማን እንደውል? ማንኩሳ ያለችውን የእህቴን ቁጥር ሰጠ።

«ኧረ በቃህ! ይህን ሁሉ ለማን ነው የምትነግረው?» አልኩት።

«ለማንም አይደለም። ማሽን እኮ ነው። ደሞ ኢንሹራንስ ላይ ከዋሸሽ ኋላ አይከፍሉሽም።»

ዋጋው ግን አልመጣም። ገጹ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ፤ እሱም ኔትወርኩን ረግሞ ተኛ።

ከዚያ መደወል ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰውዬ በጣም ትሁት ነበር፤ ባሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማኝ። «ከኢንሹራንስ ነው» አለ። ከየትኛው ብንለው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። «መኪናዋ ዛሬም ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ነው ያደረችው?» ብሎ ጠየቀ። በሌላው ቀን እንደገና ደወለ፤ በዚያው ትሕትና፣ «ልጅዎ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው በእግሯ ነው በባጃጅ?» አለው። ባሌ ዘጋበት። ተነስቶም በሩን ቀረቀረ። እኔም ፈራሁ፤ እስከ ዛሬ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ወርዶ ኢንሹራንስ ቢሮ ገባ። ሠራተኛዋ ሊንኩን አየችና «ይህ የእኛ አይደለም። ደላሎች ይሆናሉ፤ ሌላም ሊሆን ይችላል» አለችው። ሌላ ያለችው ምን እንደሆነ በእኛ አገር ማንም አያጣውም። መጀመሪያ ልጅ ይወሰዳል፣ ከዚያ ስልክ ይደወላል። ፖሊስ ጣቢያም ሄዶ አመለከተ፤ ቁጥሩን ተቀብለው ልጅቱን ጠብቁ አሉት።

ልጅቱን ማንኩሳ እህቴ ዘንድ ወሰዳት። «ጥቂት ቀን አንች ጋ ትሁን፣ ከዚያው ትማር» ብሏት ተመለሰ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም፤ ነገሩ ባይወራ ይሻላል አለኝ። እኔም እውነቱን ነው አልኩ፤ ልጄ ከዓይን ራቀች ብዬ እፎይ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ባሌም እንዲሰማት ድምፁን ከፍ አድርጌ ደወልኩላት። ስለ አዲሶቹ ጓደኞቿ ስታወራልኝ ቆየችና፦

«እማየ፣ የኢንሹራንሱ ጋሼ ደወለልኝ» አለችኝ።

«በማን ስልክ?»

«በአክስቴ። አባትሽን ያውቃል ብላ ሰጠችኝ።»

ባሌ ጎርሶ የነበረውን ሳይውጥ ቀና አለ።

«ምን አለሽ?»

«ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምወጣና በየት በኩል እንደምሄድ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው፣ ሆዴ?»

«ነገርኩት። ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ ዝም አትበይ ትይኝ የለ?»