ዶክተር ጄሶ የሠራው የካርቶን ራስ

ወንድሜ ሐኪም አይደለም። በሆስፒታሉ ግን ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ «ዶክተር ጄሶ» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የተሰበረ እጅና እግር በጄሶ ሲያስር፣ የዳነውን ሲፈታ ኖረ። የሚናገራትም አንዲት ነገር ነበረች፦ «ውሃ እንዳታስነኩት»። ለገበሬውም፣ ለአስተማሪውም፣ ከደረጃ ለወደቀችው ሙሽራም ያቺኑ ነው። አንዳንዴ እኔን በር ድረስ ሲሸኘኝ አፉ ለምዶበት «ውሃ እንዳታስነኪው» ይለኛል። «ምኑን?» ስለው ያፍራል።

ሕፃናት ይወዱት ነበር። የጄሶ መጋዝ ድምፁ ቢያስፈራም የሚንቀጠቀጥ እንጂ የሚሽከረከር ስላልሆነ ጄሶውን ይቆርጣል፣ ቆዳውን ግን ይተዋል። ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ ማን ያስረዳል? ወንድሜ መጋዙን ያስነሳና የገዛ መዳፉ ላይ ያሳርፈዋል። «አየሽ? ይኮረኩራል እንጂ አይነክስም» ይላል። ጡረታ ሲወጣ በቦታው የገባው ጎልማሳ ለዚህ ትዕግሥት አልነበረውም። ልጆቹን በሁለት ሰው አስይዞ መቁረጥ ጀመረ፤ ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል አሉ።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሁለት ክፍል ቤቱ ውስጥ አብሬው እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ፣ ለምሳ እመለሳለሁ። ስለ ሚስቱ ግን ሳልናዘዝ ወደፊት ብሄድ ታሪኩ ውሸት ይሆናል።

እኔና እሷ ሆድና ጀርባ ነበርን። ነገሩ የጀመረው ከኮፍያ ነው። የጭንቅላታችን ልክ አንድ ስለነበር ሰማያዊ የሱፍ ኮፍያዬን ተውሳ ወስዳ አልመለሰችም። ስጠይቃት ሰው ሞልቶ በተቀመጠበት «አይ አንቺ! ምላስሽ እኮ ከባሌ መጋዝ ይብሳል!» አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ቆሽቴ አረረ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ «እግዜር ልጅ ያልሰጠው ሰው የሰው ኮፍያ ቢሰበስብ ምን ይገርማል?» አልኳት። ሳቁ ቆመ። ልጅ ለማግኘት አሥራ ሁለት ዓመት ስትለፋ እንደኖረች በዚያ ክፍል የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። አራት ወር ተመላለሰች፣ በመጨረሻም ተኛች። አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅኳትም። ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ምን ፊት ይዤ እላለሁ። እንዲህ ስል ሞተች።

ከዓመት በኋላ የሕፃናት ክፍሏ ሲስተር ቤታችን መጣች።

«ጋሼ፣ አንተ ከወጣህ ወዲህ ልጆቹ በሩን ሲያዩ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። ምን ይሻለናል?»

ወንድሜ የጣቱን ጥፍር እያየ «ብረቷን አመጣላቸዋለሁ» አለ።

ብረቷ እሱና ሚስቱ መጀመሪያ ሲኒማ የገቡ ቀን ያዩአት የፊልም ሮቦት ናት። የሰው ልጆች የምታሳድግ የብረት ሞግዚት ነበረች፤ ልጆቹ አድገው ሲሄዱ ይመለሳሉ ብላ ባቡር ጣቢያ ቆማ ዝገት እስኪበላት ትጠብቃለች። አዳራሹ ሁሉ ሲያለቅስ ሚስቱ ብቻ ትስቅ ነበር አሉ፤ «አረማመዷ ቁርጥ አንተን!» ብላው። የወንድሜ ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ የሰው ራስ የሚያህል፣ ከላይ የሚጠለቅ የብረቷን ራስ ይሠራል። አገጯ ላይ ጄሶ ያስራል። ከሕፃኑ በፊት የእሷ ጄሶ በመጋዝ ይፈታል፤ እሷ ካልጮኸች ሕፃኑም አይጮህም።

በማግስቱ ጠረጴዛችን ወርክሾፕ ሆነ። የቴሌቪዥን ካርቶን፣ የድሮ ጋዜጣ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ የእንቁላል መያዣ፣ ለአንገቷ የተበጠሰ የሻወር ቱቦ፣ ለአፏ የእኔ የሻይ ማጥለያ። ብርማውን ቀለም ቀድሞ ገዝቶ ስለነበር «ራስ ሳይጠና ጉተና!» ብዬ ቀለድኩበት። እውነትም ራሱ እምቢ አለ። ፊኛ ነፍቶ ጋዜጣ ለጠፈበት፤ ፊኛው ቀስ እያለ ተንፍሶ ብረቷ የተጨማደደ ሎሚ መሰለች። በባልዲ ሞከረ፤ ባልዲ ጉንጭ የለውም። «ብረቷ ጉንጭ ነበራት» እያለ ይብሰከሰካል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ጉንጭም ግንባርም ያለው ፊት በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።

«ጉንጩን ከየት አመጣኸው?»

«አገኘሁ» አለ።

«ኮምጣጤውስ?»

«የዱቄት ሙጫው እንዳይሻግት ጨመርኩበት። ዝናብ ነው፣ ቶሎ አይደርቅም።»

አራት ቀን ሙሉ ላይ በላይ ለጠፈ። በአምስተኛው ቀን ስገባ ወለሉ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተበትኗል፣ እሱ መሐሉ ቁጭ ብሎ መጥረጊያውን ታቅፏል። ሦስት ቀን ቃል አልወጣውም። እኔ ዝምታ አልችልም፤ ስለ ዝናቡም ስለ ጎረቤቱም ለብቻዬ ሳወራ ሰነበትኩ።

በአራተኛው ቀን እንደገና ሥራውን ያዘ። ኋላዋን ከካርቶን ሠርቶ በፕላስተር ማጠፊያ እንደ በር የሚከፈት አደረገው። ቆርኪውን ቀለም ቀብቶ እንደ ብሎን ደረደረው፣ ዓይኖቿ ላይ የእጅ ባትሪ አምፖል ገጠመ። ስታልቅ አምሮባት ነበር። ብርማ ሆና፣ ቀዝቃዛ ሆና፣ አንድ ሰው የጠራት ይመስል ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ። ሲደርቅ ተጣሞ ነው አልኩ። ግን እንዲያ ዘንበል የሚል ሰው የማውቅ መሰለኝ፤ ማን እንደሆነ ትዝ አላለኝም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሲስተር ስትልክ «አልደረቀም» ይላል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። እኔ ነክቼ አይቻታለሁ፤ እንደ ደረቅ እንጨት ኳ ኳ ትላለች። ደግሞ አቀማመጧ! ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ የኋላ በሯን ከፍቶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጧታል። ወንበሩን ትይዩ ያደርግና ወደተከፈተው ባዶ እያየ ይቀመጣል። ለምሳ ስመለስ በሩ ላይ ድምፁን እሰማለሁ፤ ለስለስ ብሎ፣ ሰው እንደሚያጫውት። ስገባ ዝም ይላል። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ወንድሜ አእምሮው ሊነካ ነው፣ ያቺ ራስ ከዚህ ቤት ካልወጣች ሁለታችንም አንተርፍም ብዬ ፈራሁ። እኔ ራሴ በመደርደሪያው በኩል ማለፍ ትቼ በጓዳ በር መውጣት ጀምሬ ነበር።

አንድ ረቡዕ ሲስተር ደወለች። ሁለት እግሯ በጄሶ የታሰረ የስድስት ዓመት ልጅ አለች፤ መፈታት ከነበረበት አሥር ቀን አልፎታል፣ ቆዳዋ መቁሰል ጀምሯል፣ መጋዙ ሲነሳ ግን ራሷን ትስታለች። ወንድሜ ሊጠይቃት ሄዶ «ብረቷ ትመጣለች» ብሏት ስለነበር እሷን እየጠበቀች ነው። ነገ ሐሙስ ብረቷ ካልመጣች በጉልበት ይይዟታል።

ወንድሜ ገበያ ነበር። እኔው ራሴ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ አልኩና ከረጢት ይዤ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ቀትር ነው፣ በመስኮቱ ብርሃን ይገባል። ክፍሉ መሐል ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ።

ከተከፈተው ራስ ውስጥ የወንድሜ ሚስት ታየኛለች።

ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። ያ ሰፊ ግንባሯ፣ ጫፉ ቀና ያለ አፍንጫዋ። ጉንጯ ላይ የጋዜጣ ፊደል ተጽፏል፤ ከንፈሯ አጠገብ «ነገ ዝናብ ይጥላል» ይላል። ወደ ግራ ፈቀቅ አልኩ፤ ፊቷ ተከተለኝ። ወደ ቀኝ ሄድኩ፤ ዞረች። ጎድጓዳ መሆኑን አያለሁ፣ ግን ወደ ውጭ ወጥታ ታየኛለች፤ በሄድኩበት ሁሉ ትዞራለች። ከነከረጢቴ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ገብቶ እንዲህ ሆኜ አገኘኝ። አልተቆጣም። አጠገቤ ተቀመጠና ነገረኝ። የጨረር ሕክምናው ሲጀመር ራሷ እንዳይንቀሳቀስ በልኳ የጄሶ ጭምብል ያስፈልግ ነበር። ለሌላ ሰው አልሰጥም ብሎ እሱው ራሱ፣ በእርጥብ ፋሻ፣ ለመተንፈሻ በከንፈሮቿ መሐል ቀዳዳ ብቻ ትቶ የሚስቱን ፊት አሰረ። ስትሞት ጭምብሏን በጥጥ ጠቅልሎ፣ ካርቶን ውስጥ አድርጎ አልጋው ሥር አስቀመጠው፤ ቤቱ የገባሁ ቀን «እሱን ካርቶን አትንኪ» ያለኝ ያንን ኖሯል። ብረቷ ጉንጭ ስታጣ አወጣው። ላዩን ቫዝሊን ቀብቶ ጋዜጣውን ለጠፈበት።

«በኮምጣጤ ሙጫ» አልኩ።

«በኮምጣጤ ሙጫ» አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ እንዳታስነኩት ስል የኖርኩ ሰውዬ! ከክሊኒክ የራቀ በሽተኛ ሲጠይቀኝ ጄሶ በምን እንደሚለሰልስ የምነግረው እኔ አይደለሁም? ለብ ያለ ውሃ፣ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። በእጄ አራት ቀን ዘፈዘፍኳት። ስፈታው አመድ ሆኖ ወረደ። የቀረኝ ይሄ ወረቀቱ የያዘው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ስጥ ያለህ ማን ነው? አስቀምጠው!»

«ልጅቷስ? ቃል ሰጥቻለሁ።» ጭንቅላቱን ያዘ። «ለማጥለቅ ደግሞ የኔ ፊት አይገባም። ሞክሬዋለሁ፤ ይሄ አፍንጫ በምን ይገባል? ካልቆረጥኩት አልገባም። ከቆረጥኩት እሷ የለችም።»

የጄሶ ቢላዋ ኪሱ ውስጥ እንደነበረ ያኔ አየሁ። ጠዋት ስሎት ነው የወጣው።

«ስትታመም ስለኔ ተናግራ ታውቃለች?» አልኩት። ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ።

«ኮፍያሽን አድርጋ ነበር የተኛችው። ጸጉሯ ሲረግፍ። በየቀኑ 'እህትህ አልመጣችም?' ትለኛለች።»

«ምን ትላታለህ?»

«'መንገድ ላይ ናት' እላታለሁ። የጭምብሉም ቀን ፊቷን ከመሸፈኔ በፊት ጠየቀችኝ። መንገድ ላይ ናት አልኳት።»

አለቀስኩ። ሳላፍር፣ ንፍጤን ሳልጠርግ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ቢላዋውን ከኪሱ አወጣሁና መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

«ለኔ አጥልቅልኝ» አልኩ። «ልካችን አንድ አይደል።»

ሐሙስ ጠዋት የጄሶ ክፍሉ በር ላይ አጠለቀልኝ። መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ፤ ከዚያ ግንባሬ ግንባሯ ላይ፣ አፍንጫዬ አፍንጫዋ ውስጥ፣ ጉንጬ ጉንጯ ላይ ገጠመ። አንዲት ጣት እንኳ የምታህል ክፍተት የለም። የኋላው በር ተዘጋ። ዓይን አልቆረጠላትምና አላይም፤ አምፖሎቹ የሚበሩት ለሌላው ነው። ወንድሜ እጄን ይዞ መራኝ። ኮቴዬን ስሰማ ያ የብረት አረማመድ ሆኗል።

«ብረቷ መጣች!» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ አዲሱን ሰውዬ ፈቀቅ በል ብሎ መጋዙን አስነሳ። ድምፁ ራስ ቅሌ ውስጥ ገባ፣ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፤ አገጬ ላይ ያለው ጄሶ ተሰንጥቆ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። አልጮህኩም። ጨረር በወሰደች ቁጥር በዚህ ጨለማ ውስጥ፣ ራሷን ሳታንቀሳቅስ፣ ብቻዋን የተኛችውን እያሰብኩ ነበር።

ልጅቷ «እሺ፣ አሁን የኔን» አለች። መጋዙ እንደገና ተነሳ። ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

መጋዙ ቆመ። እኔ፣ ምላሴ ከመጋዝ ይብሳል የተባልኩት፣ ካጠለቅኩት ጊዜ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣኝም ነበር። ከንፈሬን ከንፈሯ ላይ እንዳለ አላቀቅኩና፣ በማጥለያው በኩል እንዳይሰማ አድርጌ «መጣሁ» አልኩ። ሙቅ ትንፋሽ ፊቴ ላይ ተመለሰ። የራሴ ትንፋሽ መሆኑን አውቃለሁ።

«ብረቷ ምን አለች?» ልጅቷ ሰምታለች።

ወንድሜ መጋዙን አስቀምጦ እጄን ያዘ።

«መጣሁ ነው የምትለው» አላት። «መንገዱ ርቋት ቆየች።»