ዝመና ያላገኘው ግጥም

«መብራት አላጠፋ፣ በሩንም አልዘጋ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን አያውቀውም። አመሻሽ ላይ ደረጃውን እየወጣ፣ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ የሚያንጎራጉራት ይህችኑ ስንኝ ነው። ቀሪው ላይ ሲደርስ ዜማውን በ«እምምም» ይሞላዋል።

የሬዲዮ ጣቢያው ባልደረቦቹ «ዝመና» ይሉታል። የቴክኖሎጂ ዜና የሚያነበው እሱ ነዋ። ስልካችሁን አዘምኑ፣ ኮምፒውተራችሁን አዘምኑ ሲል ይውላል፤ ራሱ ግን ከኮቱ ጀምሮ ያልዘመነ ሰው ነው። አዲስ ነገር ማውራት እንዲህ ያደክማል ብሎ ማን ይገምታል? አምና ዓለምን ይለውጣል የተባለው መሣሪያ ዘንድሮ ዓለምን ሊያጠፋ ነው ይባላል፤ ሁለቱንም በዚያው ድምፅ ያነባል።

የዛሬውን ግን ሁለት ጊዜ መለስ ብሎ አነበበው። ከአዲሱ ሥርዓት ጋር የማይግባቡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ለደኅንነት ስለሚያሰጉ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከየቤቱ ይሰበሰባሉ ይላል የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ መመሪያ። መመሪያው የመጣው በፋክስ ነበር። ወረቀቱ ከመደብዘዙ የተነሳ «ዘመናዊ» የምትለዋን ቃል ያነበባት በግምት ነው።

እቤቱ ጓዳ ውስጥ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። እሱና ሚስቱ በወጣትነታቸው አንድ ቢሮ ሲሠሩ ይተይቡበት ነበር፤ ቢሮው ሲጥለው ተሸክሞት መጣ። ያኔ እሱ ለሥራ ርቆ በሄደበት ወቅት ሚስቱ ግጥም ጽፋበታለች። ሲመለስ የመጀመሪያዋን ስንኝ ከማየቱ ተጠራና፣ በኋላ አነበዋለሁ ብሎ ወጣ። ከዚያ ልጆች መጡ፣ የቤት ጣጣ መጣ፣ ድካም መጣ፤ «በኋላ» ግን አልመጣም። አንድ ጊዜ ግጥሙን ወደ አዲስ ኮምፒውተር ቢያሻግረው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ። አሮጌውን መቀስቀስ ደግሞ ሁልጊዜ ለነገ ይባላል። ሚስቱን ቀሪውን ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነው፦ ኮምፒውተሩን ጠይቀው።

ነገ ደግሞ የሰብሳቢዎቹ ነው።

ጫማውን ሳያወልቅ ጓዳ ገብቶ አበራው። ሚስቱ ከማዕድ ቤት እራት ቀርቧል አለችው፤ መጣሁ አላት። ማራገቢያው አስም እንደያዘው ሽማግሌ ሲያጓራ ቆየ። ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነው አለችው፤ አሁንም መጣሁ አላት። ማያው ቀስ እያለ ነጋ፤ ግጥሙ ተከፈተ። ያቺው ስንኝ አለች። ከሥሯ፦ «ቀሪውን ስትመጣ።»

ሌላ ምንም የለም።

ዕድሜውን ሙሉ ሳያነበው የቀረ መስሎት ያንጎራጎረው፣ ለካ ገና ያልተነገረው ነው። እየመጣ፣ በየማታው እየመጣ፣ አንድም ቀን አልመጣም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገለት። ይውሰዱት።

ሚስቱ ጭልፋ ይዛ ቆማለች። የማዕድ ቤቱን በር ተደግፎ፣ ኮምፒውተሩን ጠየቅሁት አላት።

«መጣህ እንዴ ታዲያ?»

«መጣሁ።»

«ቁጭ በላ። በር ላይ ተገትሮ መጣሁ አይባልም።»

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሾርባውን እየጨለፈችለት፣ ሻከር ባለ ድምፅ፣ ሳህኑን እንጂ እሱን ሳታይ አዜመችው፦

«አንተ ሳትመጣልኝ፣ ለእኔ መች ሊነጋ።»

ከዚያ ማንኪያውን አቀበለችው። ሾርባው ቀዝቅዟል፤ እሱ ግን እፍ እያለ ይበላ ጀመር።