አቀብዪና ጨለማው ማድ ቤት

አቀብዪ የሚለውን ስም ያወጡላት ግንበኞች ናቸው። የወጣትነት ጉልበቷን የጨረሰችው ግንባታ ቦታ ጭቃና ሲሚንቶ በማቀበል ነው፤ መሰላል ላይ የቆመ ሁሉ ቀኑን ሙሉ አቀብዪ፣ አቀብዪ ሲላት ስሙ እዚያው ተጣብቆባት ቀረ። ልስን የሚለስኑበትን መለሰኛ ግን አንድም ቀን አላስያዟትም። እሷም አልጠየቀችም። ዝም ብላ ታቀብላለች፤ ዓይኗ ግን ከእጃቸው አይነቀልም ነበር።

አሁን ዕድሜዋ ገፍቷል፤ የምትኖረው ከልጇና ከምራቷ ጋር ነው። ልጇ መኪና ይጠግናል፣ ምራቷ ሱቅ ትውላለች፣ ማድ ቤቱ የአቀብዪ ነው። እዚያ ውስጥ የሚያዛት የለም። ግን ምን ያደርጋል፣ ጨለማ ነው። መስኮቱ ከመጥበቡ የተነሳ ድመት እንኳ አጎንብሳ ነው የምታልፍበት። ቤቱ ሲሠራ ጎረቤቷ፣ «ወደ ግቢዬ የሚያፈጥ መስኮት አልፈልግም» ስላለች ነው። ግድግዳው ደግሞ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ክንድ ሙሉ የሚወፍር ነው፤ ያቺው የምትገባዋም ብርሃን መንገድ ላይ ደክማ ትቀራለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጇ ምስሩን ሲያላምጥ ቀጭ አለበት። ጠጠር ነው። አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

«እማዬ፣ አይክፋሽና ዓይንሽ ደክሟል። ከእንግዲህ ማድ ቤቱን ለቀቅ አድርጊው። የምትሠራ ሰው እንቀጥራለን፤ አንቺ አረፍ በይ።»

«ዓይኔ ምንም አልሆነም። ቤቱ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለ ልጇ እየሳቀ።

ከፍቅር እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ማድ ቤቷን ከወሰዱባት ምን ቀራት፤ እንደ እንግዳ ሳሎን ተቀምጣ ሰው የሠራውን መብላት ነው እንግዲህ። ተነስታ መርፌና ክር ይዛ ግቢ ወጣች። ምራቷ እያየቻት ክሩን ባንድ ጊዜ አሾለከችው።

«ኧረ እማማ፣ እኔ እንኳ ስንቴ ነው የምስተው» አለች ምራቷ።

«ለባልሽ ንገሪው።»

ልጇ ሲሰማ ለዘብ አለ። «በቃ፣ ትልቅ አምፖል ልግዛልሽ።»

«አምፖሉ ከጀርባዬ ነው ያለው። ድስቱ ላይ የሚያርፈው የራሴው ጥላ ነው።»

«መስኮቱን እንዳናሰፋ ጎረቤት ሊጣላን ነው።»

«ከውጭ ማን ይነካዋል» አለች። «ከውስጥ ነው የማሰፋው።»

ልጇ አልገባውም። በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ መዶሻና መሮ ይዛ ገባች። የመስኮቱን የውጭ አፍ ሳትነካ፣ የውስጡን ሁለት ጎንና የታችኛውን ጠርዝ በሰያፍ እየፈለፈለች እንደ ጡሩምባ አፍ ከፈተችው። ከላይ የተጋደመውን እንጨት አልነካችም፤ ግድግዳውን የተሸከመው እሱ ነዋ። ምራቷ ከሱቅ ስትመለስ አቧራ ለብሳ አገኘቻት። ልትቆጣ ነበር፤ ግን ጫማዋን አውልቃ ጭቃ ማቡካት ጀመረች።

«መቼስ ዛሬ አቀብዪ እኔ ሆንኩ» አለች ባልዲውን እያነሳች።

«ፈጠን በይ እንግዲህ፤ ግንበኛ አይጠብቅም።»

አቀብዪ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰኛ ጨበጠች። የመጀመሪያው ጭቃ ተንሸራቶ ወደቀባት፤ ቀስ በቀስ ግን ዓይኗ ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመውን እጇም ያውቀው ኖሯል።

ልስኑ ሲደርቅ እሱንም የቀረውንም ግድግዳ ኖራ ቀባች። እዚህ ላይ ቸኮለች፤ የድሮውን ግድግዳ ጥላሸት ሳታጥብ ከላይ ከላይ ስለቀባችው ኖራው እንደ አጫሽ ጥርስ ወይቦ አደረ። ልጇ አይቶ ሳቁን ዋጠ። እሷ አልተሟገተችም፤ ግድግዳውን በሳሙና ፈግፍጋ አጠበችና እንደገና ቀባችው።

ሁለተኛው ኖራ የደረቀ ዕለት ልጇ በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ። ብርሃኑ ነጩን ሰያፍ እየታከከ ምድጃው ላይ፣ መክተፊያው ላይ፣ እስከ መደርደሪያው ጥግ ድረስ ፈሷል። ልጇ ድንገት እጁን ዘርግቶ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫነ። አምፖሉ ጠፋ፤ ብርሃኑ ግን ምንም አልተለወጠም።

«አምፖሉ በርቶ ነበር ለካ» አለ።

ጎረቤቷም የመዶሻውን ድምፅ ሰምታ ኖሮ መጣች። የውጩን ግድግዳ አየች፣ መስኮቱ ያው ነው። ለጠብ የመጣችው ሴትዮ ማድ ቤት ገብታ ቆማ ቀረች።

«ግንበኛው ማነው? የኔንም መጥቶ ይይልኝ።»

«እናቴ ናት፣ ያቻት ምድጃው ጋ» አለ ልጇ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ግን ከምሳ በኋላ ነው የምትመጣልሽ። ማድ ቤቱን ያለ እሷ የሚይዝልን የለም።»

አቀብዪ ዞር አላለችም። ወጡን ቀመስ አድርጋ ጨው ጨመረችና አንገቷን ቀና አደረገች።